ቁጥርን ይዞ መሻገር፦ ከአምደወርቅ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሞባይል ደንበኛ ስልክ ቁጥሩን ሳይለውጥ ዋጋው ወደሚስማማው አገልግሎት አቅራቢ የሚሻገርበት ሥርዓት፣ ቀን ተቆርጦለት ሥራ ላይ እንዲውል ስለመጠየቅ

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ሲያቋቁም፣ ለረጅም ዘመን በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ የኖረው የቴሌኮም ሥራ ለሌሎችም ክፍት እንደሚሆንና በተወዳዳሪዎቹ መካከል የሚዳኝ ተቆጣጣሪ እንደሚኖር ለሕዝብ ቃል ገብቶ ነበር። ከቃሉ አንዱ ክፍል ተፈጽሟል፤ ዛሬ በአገሪቱ ሁለት ኦፕሬተሮች፣ ማለትም ፈቃድ አግኝተው፣ መረብ ዘርግተው የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሸጡ ሁለት ድርጅቶች አሉ፤ የአንዱን ዋጋ ከሌላው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ያልተፈጸመው ክፍል ግን ለተራው ደንበኛ የበለጠ የሚያስፈልገው ነው፤ ምክንያቱም ርካሹን መርጦ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ለዓመታት የታወቀበትን ስልክ ቁጥር ጥሎ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ከዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ከደሃና ወረዳ መቀመጫ ከአምደወርቅ የተጻፈው ይህ ደብዳቤ የሚያቀርበው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፤ ስልክ ቁጥር ደንበኛው ወደፈለገበት ኦፕሬተር ይዞት የሚሄደው ነገር ይሁን፣ ይህም የሚጀምርበት ቀን ለሕዝብ በግልጽ ይነገር።

የውድድር ጥቅም በዚህ አገር በጭራሽ ያልታየ ነገር አይደለም። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም፣ በ1991 ዓ.ም. የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሲጀመር፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞው ኮርፖሬሽን ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ እንደ አዲስ ሲደራጅ፣ በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ደንበኛው የተተመነውን ከመክፈል ወይም ያለ ስልክ ከመኖር በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የገዢው ግንባር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ ትልልቅ የመንግሥት ድርጅቶች በከፊል ለግል ባለሀብቶች እንዲተላለፉ መወሰኑ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ኢትዮ ቴሌኮም፣ በአዲስ አመራር ሥር ሆኖ፣ የሞባይል ድምፅ ታሪፉን በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትና የአጭር መልእክት ታሪፉን በ43 በመቶ ቀነሰ። ተወዳዳሪ ገና አልገባም ነበር። በሩ ሊከፈት መሆኑ ብቻ በተነገረበት ወቅት ይህን ያህል ቅናሽ ከተገኘ፣ በሩ በእርግጥ ሲከፈት ከዚህ የሚበልጥ ቢጠበቅ ማንንም የሚያስነቅፍ አይሆንም።

በሩም ተከፈተ። የኬንያው ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ ቮዳፎን፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ገንዘብ ተቋም የተጣመሩበት ቡድን በግንቦት 2013 ዓ.ም. 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ሁለተኛውን ፈቃድ አሸነፈ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በሚል ስም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታትም ከ10 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አፈራ። ነባሩ ድርጅት በበኩሉ ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ይገልጻል። እነዚህን አሃዞች ለሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ሊታወስ ይገባል፤ የነባሩ ቁጥሮች በ09፣ የአዲሱ በ07 የሚጀምሩ በመሆናቸውና ሁለቱንም ሲም የያዘ ሰው በሁለቱም መዝገብ ስለሚቆጠር፣ የአዲሱ ደንበኛ መብዛት የነባሩን ደንበኞች መሻገር አያሳይም። አብዛኛው ሰው 07ን የጨመረው 09ን ሳይጥል ነው፤ ያልጣለበትም ምክንያት ዋጋው ስለተመቸው እንደሆነ ወይም ቁጥሩን መጣል ስላልቻለ እንደሆነ ከደንበኞች ብዛት ዝርዝር ሊታወቅ አይችልም። ለተቆጣጣሪ አካል ግን ከዚህ የበለጠ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ያለ አይመስልም።

በደሃና ደጋና ቆላ ስልክ ቁጥር ምን እንደሆነ በአዲስ አበባ ሆኖ ለሚወስን ሰው ጠለቅ ብሎ መነገር ይኖርበታል። የቤት ቁጥርና የፖስታ ሣጥን በሌለበት የገጠር ቀበሌ የአንድ ቤተሰብ ቋሚ አድራሻ የሞባይል ቁጥሩ ነው። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ወደ ሁመራና ወደ መተማ ለወቅት ሥራ የወረደ ጎልማሳ ቤቱን የሚያገኘው በዚያ ቁጥር ነው፤ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄደች ልጅ፣ አሠሪዎቿ ስልክ በፈቀዱላት ቀን፣ በቃሏ ይዛ የምትደውለው እሱን ነው፤ የሴፍቲኔት ተጠቃሚው ስም ሲጠራ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የነፍሰ ጡሯን የክትትል ቀን ስታስታውስ፣ የእህል ነጋዴው የሰቆጣን ገበያ ዋጋ ሲጠይቅ መገናኛው ያው ነው። ቁጥሩ በተማሪ ደብተር ጀርባ፣ በቤት ግድግዳ፣ በጎረቤት ስልክ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ማንበብ የማይችል ሰውም እንደ ስሙ አጥንቶታል። በከተማ የሚኖር ሰው ቁጥሩን ሲለውጥ ለሁሉም በአንድ ቀን መልእክት ይልካል፤ በደሃና ያለ ቤተሰብ ግን ከሚደውሉለት ሰዎች መካከል እሱ ሊደውልላቸው የማይችል፣ የሚገኙበትን ቁጥር እንኳ የማያውቅላቸው ብዙ ናቸው፤ ቁጥሩን ቢለውጥ እነሱን የሚያገኝበት መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት ይህን ከማንኛውም ጥናት በላይ ግልጽ አድርጎታል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ ሲገባ ስልክ፣ መብራትና ባንክ ለወራት ተቋረጡ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ በሰቆጣና በሌሎች ቦታዎች ተበትኖ ለዓመታት ቆየ። ኔትወርክ በተመለሰ ጊዜ የተበተነ ቤተሰብ ሊገናኝ የቻለው አባት የልጁን፣ ልጅም የአባቱን የድሮ ቁጥር ስለሚያውቅና ቁጥሩም ሳይለወጥ ስለቆየ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥም፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም የሚገናኘው ሁሉ ወደ ተራው የድምፅ ጥሪና ወደዚያው የድሮ ቁጥር ተመልሷል። እንዲህ ባለ ሀገር ለሚኖር ሰው “ዋጋው ካልተስማማህ ሌላ ሲም አውጣ” የሚለው ምክር፣ ምንም እንኳ በቀና ልብ ቢሰነዘር፣ ዘመድ የማጣት አደጋን ከጥቂት ብር ቅናሽ ጋር እንዲያመዛዝን የሚጠይቅ ነው። ማንም ጤነኛ ሰው ቅናሹን አይመርጥም።

ለዚህ ችግር ሕዝቡ በራሱ ያገኘው መላ ሁለት ሲም መያዝ ነው፤ በ07 ርካሽ ዳታ ይገዛል፣ በ09 ጥሪ ይቀበላል። መላው አቅም ላለው ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ ይጠይቃል፣ ሁለት ጊዜ ካርድ መሙላት ይጠይቃል፣ የአንዱ ፓኬጅ የጊዜ ገደብ ሲያልፍ የተረፈው ደቂቃ ይጠፋል፣ ሌላው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት ከቆየ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ፓኬጅ የሚባለው በአንድ ዋጋ ተጠቅልሎ ለአንድ ቀን፣ ለሳምንት ወይም ለወር የሚሸጥ የደቂቃና የኢንተርኔት መጠን ሲሆን፣ በአንድ ሲም ገዝቶ ሙሉ በሙሉ መጠቀም የሚችለው ሰው በሁለት ሲም ሲከፋፍለው ከሁለቱም ሳይጠቀም ይቀራል። ስለዚህ ከውድድሩ የሚገኘው ቅናሽ ከድሃው ይልቅ የተሻለ ስልክ ላለውና በየወሩ በርከት ያለ ገንዘብ ለሚሞላው ያዳላል። ርካሽ አገልግሎት አብልጦ የሚያስፈልገው ሰው ከቅናሹ ጥቂቱን የሚያገኝበት ገበያ፣ አዋጁ ያሰበው ገበያ ነው ብሎ ባለሥልጣኑ ሊቀበለው አይገባም።

መፍትሔው በቴሌኮም ባለሙያዎች ዘንድ የቁጥር ተንቀሳቃሽነት ይባላል፤ ደንበኛው ኦፕሬተሩን ሲለውጥ ቁጥሩ፣ ከመነሻ አሃዙ ጀምሮ ሳይነካ፣ አብሮት ይሄዳል። አሠራሩ ምሥጢር ያለው አይደለም። ዛሬ አንድ ጥሪ ሲደወል መረቡ የቁጥሩን መጀመሪያ አይቶ፣ 09 ከሆነ ወደ አንዱ፣ 07 ከሆነ ወደ ሌላው ይልከዋል። ተንቀሳቃሽነት ሲኖር ግን ሁለቱም ኦፕሬተሮች የሚጠይቁት አንድ ማዕከላዊ መዝገብ ይቋቋማል፤ መዝገቡም ይህ ቁጥር ዛሬ የየትኛው ኦፕሬተር ደንበኛ እንደሆነ ይናገራል፤ ጥሪው በዚያው መሠረት ይመራል። ደዋዩ የሚያየው ለውጥ የለም፤ ተደዋዩም አዲስ ሲም ከመክተት በቀር የሚያደርገው የለም። ሲንጋፖር በ1989 ዓ.ም. ገደማ ጀምራዋለች፤ ደቡብ አፍሪካ በ1999፣ ጋና በ2003፣ ናይጄሪያ በ2005 ዓ.ም. ተከትለዋል። ኢትዮጵያ ሁለተኛ ኦፕሬተር ካገኘች በኋላ ባለፉት ዓመታት ደንበኛ ይህን ሥርዓት ሳያገኝ መቆየቱ ለቴክኒክ ችግር ሊሰጥ የሚችል አይደለም።

ከሌሎች አገሮች ሁለቱ ለኢትዮጵያ ብዙ የሚያስተምሩ ናቸው። ሕንድ ሥርዓቱን የጀመረችው በዋና ከተማዋ አልነበረም፤ በኅዳር 2003 ዓ.ም. በሃሪያና ግዛት ጀምራ በጥር ወር ወደ መላ አገሪቱ አስፋፋችው። ደንበኛው ከስልኩ ወደ 1900 አጭር መልእክት ልኮ የመሻገሪያ ኮድ ይቀበላል፣ ኮዱን ይዞ ወደሚፈልገው ኦፕሬተር ይሄዳል፣ የሚከፍለውም ቢበዛ 19 ሩፒ ነበር። የዚህ አሠራር ብልሃቱ ደንበኛው ትቶት ለሚሄደው ድርጅት ቀርቦ ፈቃድ አለመለመኑ ነው፤ ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት፣ ሊቀበለው የሚጓጓው አዲሱ ኦፕሬተር ነው። ከአምደወርቅ ሰቆጣ ድረስ ተጉዞ፣ በትራንስፖርትና በአዳር ወጪ አውጥቶ፣ በአገልግሎት ማዕከል ወረፋ ይዞ “ለምን ትሄዳለህ” ተብሎ የሚጠየቅ ሰው መብቱ ወረቀት ላይ ቢጻፍለትም አልተሰጠውም፤ በአጭር መልእክት የሚጀመር አሠራር ግን በተራ ስልክም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

የኬንያ ታሪክ ከሕንድ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም እዚያ መብቱ ተሰጥቶ ሳይሠራ ቀርቷል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. አካባቢ የኬንያ ተቆጣጣሪ አካል የመዳረሻ ክፍያን፣ ማለትም አንድ ኦፕሬተር ጥሪው ሌላው መረብ ላይ ሲያርፍ ለዚያ ኦፕሬተር የሚከፍለውን ገንዘብ፣ ከ4.42 ወደ 2.21 ሽልንግ አወረደው፤ ዛሬ ኤርቴል የሚባለው ተወዳዳሪም የደቂቃ ዋጋውን ወደ 3 ሽልንግ አወረደ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ቁጥር ይዞ መሻገር ተፈቀደ። ርካሽ ዋጋም፣ የመሻገር መብትም በአንድ ላይ ተገኙ ማለት ነው፤ ሆኖም የተሻገረው ሰው እጅግ ጥቂት ሆነ፣ የሳፋሪኮም የገበያ ድርሻም ከ60 በመቶ በላይ እንደሆነ ዘለቀ። ደንበኛው ለመሻገር 200 ሽልንግ እንዲከፍል መደረጉ አንዱ እንቅፋት ነበር። ትልቁ እንቅፋት ግን የሞባይል ገንዘብ ነበር፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ ገንዘቡን የሚልከውና የሚቀበለው በኤም-ፔሳ ሲሆን፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ ከሳፋሪኮም ሲም ጋር የታሰረ ስለነበር፣ ቁጥሩን ይዞ የሄደ ሰው የገንዘብ ቦርሳውን ትቶ ይሄድ ነበር። በኬንያ በተለያዩ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች መካከል በቀጥታ መላላክ የተቻለው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ በእነዚያ ሰባት ዓመታት ገበያው ደርቆ ቅርጹን ይዞ ነበር።

ይኸው ወጥመድ በኢትዮጵያ በሌላ በኩል ተዘርግቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ሳፋሪኮም ደግሞ ኤም-ፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጀምረዋል። ቴሌብር ከገንዘብ ማስተላለፍ አልፎ ከባንክ ጋር በመተባበር መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ በሚሉ ስሞች ብድርና ቁጠባ ይሰጣል፤ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ እንዲገዛ ከተደረገ ወዲህም የባጃጅና የመኪና ሹፌር ያለ እንዲህ ያለ አካውንት መሥራት አስቸግሮታል። በደሃና ጥቂት ብር ለዘር ወይም ለመድኃኒት የተበደረች ሴት የብድር ታሪኳ የተመዘገበው በዚያ ሲም ላይ ነው፤ ብትሻገር ዕዳዋ ይከተላታል፣ መልካም ተበዳሪነቷ ግን ይቀራል። የባንክ ሞባይል አገልግሎትም በቁጥር የሚታወቅ በመሆኑ ቁጥር የለወጠ ሰው ቅርንጫፍ ድረስ ሄዶ ማስተካከል አለበት። ስለዚህ ባለሥልጣኑ የቁጥርን ጉዳይ ብቻውን ቢፈታ ኬንያ የሠራችውን ሥራ ደግሞ የኬንያን ውጤት ያገኛል። ከብሔራዊ ባንክ ጋር ተቀናጅቶ፣ የሞባይል ገንዘብ አካውንት ከሲም ሳይሆን ከቁጥሩና ከባለቤቱ ማንነት ጋር እንዲያያዝ፣ በ07 ሲም የቴሌብር፣ በ09 ሲም የኤም-ፔሳ አካውንት ያለ ችግር እንዲከፈትና እንዲቀጥል ማድረግ የመሻገር መብት አንዱ አካል ነው። ሳፋሪኮም በኬንያ ከደንበኛ መታሰር የተጠቀመ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የሚጎዳ ድርጅት እንደመሆኑ፣ የትኛውም ኦፕሬተር ደንቡን የሚወደው ለእሱ ሲመቸው ብቻ መሆኑን ባለሥልጣኑ ልብ ሊል ይገባል፤ ዳኛ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የዋጋ ጉዳይ አለ። ኦፕሬተሮች በራሳቸው መረብ ውስጥ ለሚደረግ ጥሪ ቅናሽ ሰጥተው ወደ ሌላው መረብ ለሚወጣ ጥሪ አስወድደው ሲያስከፍሉ፣ ብዙ ደንበኛ ያለው ድርጅት ያለ ተጨማሪ ጥረት ይጠቀማል፤ ዘመዶቹ ሁሉ በ09 ያሉበት ሰው ብቻውን ወደ 07 ቢሄድ የሚደውሉለት ሁሉ ተጨማሪ ይከፍላሉ። ቁጥር መሻገር ሲጀመር ደግሞ 09 ወይም 07 መሆኑ የየትኛው መረብ እንደሆነ ስለማይናገር፣ ደዋዩ የሚከፍለውን ዋጋ አስቀድሞ ማወቅ ይቸግረዋል። በየወሩ በጣት በሚቆጠር ብር የሚደውል ሰው በማያውቀው ዋጋ ሒሳቡ ቢያልቅ ሥርዓቱን ይጠላዋል፣ መጥላቱም ትክክል ነው። የመዳረሻ ክፍያው ዝቅ ብሎ በመረብ ውስጥና ከመረብ ውጭ የሚደረግ ጥሪ ዋጋ እንዲቀራረብ፣ ልዩነት ካለም ጥሪው ከመያዙ በፊት በአጭር ድምፅ እንዲነገር መደረጉ አስፈላጊ ነው።

አምደወርቅን በተመለከተ ከሁሉ በፊት የሚመጣው የኔትወርክ ነገር ነው። የዋግ ኽምራ መልክዓ ምድር በገደልና በሸለቆ የተቆራረጠ በመሆኑ፣ ጫፍ ላይ ከቆመ አንቴና የሚወጣው ሲግናል ተራራው ጀርባ ያለውን ቀበሌ ሳያገኝ ያልፋል፤ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ ራቅ ብሎና ጠምዘዝ ብሎ ስለሚደርስ ለእንዲህ ያለ አገር ይሻላል፤ ኢንተርኔትን የሚያፈጥነው ከፍተኛ ድግግሞሽ ግን በአጭሩ ይቀራል። የሁለተኛው ኦፕሬተር ሲግናል በማይደርስበት ቀበሌ ለሚኖር ሰው የመሻገር መብት ትርጉም የለውም፤ ለእሱ የሚጠቅመው የአገር ውስጥ ሮሚንግ የሚባለው አሠራር ነው፤ ይህም የአንድ ኦፕሬተር ደንበኛ የራሱ መረብ በሌለበት ቦታ በሌላው መረብ ላይ ሆኖ እንዲደውል፣ ሒሳቡንም ኦፕሬተሮቹ እርስ በርስ እንዲከፋፈሉ የሚያደርግ ነው። አንድ አንቴና ማማ በሁለቱ እንዲጋራ ማድረግም ወጪውን ይቀንሳል። በጦርነት በተጎዳ፣ መብራት በሚቆራረጥበት፣ ደንበኛው ድሃ በሆነበት አካባቢ አዲስ ማማ መትከል ለነጋዴ ድርጅት አትራፊ ላይሆን እንደሚችል ግልጽ ነው፤ የሁለንተናዊ ተደራሽነት ግዴታ የሚባለው፣ ማለትም ኦፕሬተሮች ትርፍ በማያስገኙ አካባቢዎችም እንዲያገለግሉ የሚጣልባቸው ኃላፊነት፣ ተፈላጊነቱ እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ባለሥልጣኑም የየወረዳውን የሽፋን ካርታ፣ ኦፕሬተሮቹ ከሚያቀርቡት ተለይቶ በራሱ ለክቶ ቢያወጣ፣ ሕዝቡ የሚሻገርበትና የማይሻገርበትን ቦታ አውቆ ይወስናል።

ሥርዓቱን የሚቃወሙ ወገኖች ከሚያነሷቸው ነጥቦች ቀላል የማይባለው የማጭበርበር ስጋት ነው። የሌላ ሰው ቁጥር በሐሰት ተሻግሮ በሌባ እጅ ቢወድቅ፣ በዚያ ቁጥር የታሰረው ገንዘብም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ዝውውሩ ሊፈጸም የሚገባው የመሻገሪያ ኮዱ ቁጥሩ ወደሚሠራበት ሲም ተልኮ፣ ባለቤቱ በማንነት ማስረጃ ተለይቶ ነው፤ ለዚህም ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ይረዳል፣ ገና ላልደረሰው ግን የቀበሌ መታወቂያ ሊበቃ ይገባል። የማረጋገጫ መልእክቱ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኽምጣኛም፣ ማንበብ ለማይችልም በድምፅ ጥሪ እንዲደርስ ቢደረግ፣ በዋግ ኽምራ የሚኖር አረጋዊ ምን እንደፈቀደ አውቆ ይፈቅዳል። የማዕከላዊው መዝገብ ወጪም ለመቃወሚያ ይነሳል፤ ይህ ወጪ በኦፕሬተሮቹ መካከል የሚከፋፈል የንግድ ወጪ ሆኖ ሳለ ከሚሻገረው ደንበኛ ላይ ማስከፈል ግን፣ ኬንያ እንዳሳየችው፣ በሩን በአንድ እጅ ከፍቶ በሌላው እንደመዝጋት ነው።

ገበያው ገና ለጋ ነው፣ ይቆይ የሚል ክርክርም አለ። ይህ ክርክር በተለይ መመርመር ያለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነው፤ መሣሪያውን በዶላር የሚገዛ ድርጅት ሁሉ ወጪው ጨምሯል፣ ታሪፍም ተከልሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትልቁ ድርጅት በአቅሙ ተደግፎ ከወጪ በታች ሊሸጥ፣ ትንሹ ሊወድቅ፣ ከወደቀም በኋላ ዋጋው ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ርካሽ ዋጋ ሁሉ የውድድር ውጤት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ ደንበኛን የሚጠቅመው ርካሽነት ነገ ሌላ አማራጭ እንዳለ ሆኖ የሚቀጥለው ነው። የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አንዱ አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሕዝብ ሲቀርብ ከ100 ሚሊዮኑ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ በመሆኑ፣ ድርጅቱ ዛሬም ከ98 በመቶ በላይ የመንግሥት ነው። መንግሥት የነባሩ ድርጅት ባለቤትም፣ የተቆጣጣሪው መሥራችም መሆኑ ባለሥልጣኑን በሕዝብ ዓይን ፊት ከባድ ፈተና ላይ ያስቀምጠዋል፤ ደንበኛን የመሻገር መብት ሳያዘገይ መስጠትም ከፈተናው የሚያልፍበት ግልጽ መንገድ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም ከዚህ የሚፈራው ሊኖር አይገባም፤ በተራራማው ገጠር ማማ የተከለ፣ ኔትወርክ ያደረሰ ድርጅት ደንበኛው በነፃነት ሲመርጠው አገልግሎቱ የሚመሰከርለት ያን ጊዜ ነው።

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ባለሥልጣኑ ቁጥር ይዞ የመሻገር ሥርዓት የሚጀምርበትን ቀን ወስኖ እንዲያሳውቅ፣ ዝውውሩ ለደንበኛው በነፃ፣ በተቀባዩ ኦፕሬተር አማካይነትና በአጭር መልእክት እንዲጀመር እንዲያዝዝ፣ የሞባይል ገንዘብ አካውንት ከቁጥሩ ጋር እንዲሻገር ከብሔራዊ ባንክ ጋር እንዲስማማ ይጠየቃል። ሕንድ ከሃሪያና እንደጀመረች ሁሉ፣ ሁለቱም ኦፕሬተሮች በሚሠሩባቸው የዞን ከተሞች፣ ሁኔታው ከፈቀደም በሰቆጣ፣ ሙከራው ከአዲስ አበባ እኩል ሊጀመር ይችላል። ጸጥታ በደፈረሰባቸውና ኔትወርክ በተቋረጠባቸው አካባቢዎች ያለ ሥራ የቆዩ ቁጥሮችም እንዳይዘጉና ለሌላ ሰው እንዳይሰጡ፣ ወራቱ የመቋረጡ ጊዜ ተቀንሶ እንዲቆጠር፣ ለዚህም ከሥርዓቱ መጀመር በፊት ትእዛዝ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ የተዘጋ ቁጥር የሚሻገርበት መንገድ የለምና። ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጠው ምላሽ በደሃና ወረዳ አስተዳደር በኩል ቢላክ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በአማርኛና በኽምጣኛ፣ ሊለጠፍና በገበያ ቀን ሊነበብ ይችላል።

አምደወርቅ፣ ደሃና ወረዳ
ዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
ለኢትዮ ቴሌኮም
ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ